ለ20 ሊትር ቢራ ስንት ቢቲዩ እሳት ይበቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ያደግኩት ከእናቴ ጋር ጠላ እየጠመቅኩ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ቢራ እሞክራለሁ፤ በአንድ ጊዜ 20 ሊትር ገደማ። ችግሬ እሳቱ ነው። የኩሽናዬ ጋዝ ምድጃ ድስቱን ለማፍላት ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ከዚያም ዳር ዳሩን ብቻ ብልጭ ብልጭ እያለ ይቀራል እንጂ አይንተከተክም። ባለቤቴ 200,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚል በርነር፣ ማለትም የጋዝ ማንደጃ፣ በቅናሽ አይቷል። ትልቁን መግዛት አይሻልም? በብርዱ ወራት ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍተን ብንጠቀምበትስ? ሐምሌ ላይ የእህቴ ሠርግ ስላለ በአንዴ 40 ሊትር ለመጥመቅም አስበናል።»

መልስ፦ ከጋራዡ ልጀምር። አይሆንም። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም አይሆንም። ቢራ ቢበላሽ ይደፋል፤ ይሄኛው ግን መመለሻ የለውም።

እንዲህ ያለው በርነር የሚያቃጥለው ፕሮፔን ጋዝ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይነድም። ነበልባሉ የቀዘቀዘ የድስት ቂጥ ሲነካ ወይም አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። አገር ቤት «የከሰል ጭስ ገደላቸው» ሲባል የምንሰማው ይኸው ጋዝ ነው። ጭስ እንለዋለን እንጂ ከሰሉ ምንም ሳይጨስም ይገድላል። የቢራ በርነር ደግሞ ከአንድ የከሰል ምድጃ ብዙ እጥፍ ነዳጅ ያቃጥላል። ጋራዥ መተንፈሻው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ነፋስ ከውጭ ወደ ውስጥ ከገፋ የተቃጠለው አየር እዚያው ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ሳሎን በሚያስገባው በር ስር ሾልኮ ይገባል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በበረዶ ቀን የጋራዡን በር እስከ ግማሽ ከፍቼ ጠመቅኩ። ሆፑን፣ ለቢራ የጌሾን ሥራ የሚሠራውን አበባ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን አነበብኩ። ድስቱ ጋ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ተመልሼ አነበብኩ፤ እንደገና ጠፋብኝ። ግንባሬን እንደ ብረት ጨምድዶ ያዘኝ። ድካም ነው ብዬ ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ባለቤቴ እየሮጠች መጣች። ኮሪደሩ ላይ ያለው ማንቂያ መጮህ ጀምሮ ነበር። እሷ ባትኖር ያ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ደግሞ ማንቂያ አለኝ ብለሽ አትተማመኚ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የቤት ማንቂያዎች ጋዙ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70) ደርሶም ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሳይጮሁ እንዲቆዩ ነው የተሠሩት። ቤትሽ ውስጥ ይኑር፤ ግን ጋራዥ ውስጥ ለመጥመቅ ፈቃድ አይደለም። ፕሮፔን ቦታው ደጅ ነው። በደጁ መጥመቅ የማይቻልበት ቀን ከሆነ በኤሌክትሪክ ይጠመቃል፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ምድጃሽ። ምድጃው አልተበላሸም። ሥራው በዝቶበት ነው። 20 ሊትር ቢራ ለማግኘት ድስቱ ላይ የሚጣደው 27 ሊትር ገደማ ነው፤ የቀረው በትነትና በዝቃጭ ይሄዳል። ይህን ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ እናንተ ጋ እስከሚፈላበት 95 ዲግሪ ለማድረስ 8,600 ቢቲዩ ያህል ሙቀት ውሃው ውስጥ መግባት አለበት። ውሃው ውስጥ ነው ያልኩት፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የተለመደ የኩሽና ምድጃ አንዱ ዓይኑ 9,500 ቢቲዩ ቢሆን ከዚያ ውስጥ ድስቱ የሚያገኘው 40 ከመቶ ገደማ ነው። ሌላው በድስቱ ጎንና ጎን ወጥቶ ኩሽናውን ያሞቃል። ስለዚህ በሰዓት 3,800 ቢቲዩ ብቻ ይገባል። ብታካፍዪው ሁለት ሰዓት ከሩብ ይመጣል፤ ልክ አንቺ ያልሽው ነው።

«አይንተከተክም» ላልሽውም መልሱ እዚያው አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 4 ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ሌላ 8,600 ቢቲዩ ያስፈልጋል። ለማሞቅ የወጣው ያህል ማለት ነው። ምድጃሽ የሚሰጠው ከዚያ ከግማሽ በታች ነው፤ ከእሱም ላይ ድስቱ በጎኑ የሚያጣው ሙቀት ይቀነሳል። ለዚህ ነው ዳር ዳሩን ብልጭ ብሎ የሚቀረው።

እንግዲያው 200,000 ቢሆንስ? በርነር ላይ የተጻፈው ቢቲዩ በሰዓት የሚያቃጥለው ጋዝ መጠን ነው። ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ሙቀት አይነግርሽም። ደጅ ላይ፣ በክፍት አየር፣ ድስቱ ቢያገኝ ሢሶውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። እሳቱ ከድስቱ ቂጥ በላይ ከሰፋ ደግሞ ይህም ይቀንሳል። ነበልባሉ በጎን ይወጣና እጀታውን፣ የቧንቧውን ጎማ፣ የሙቀት መለኪያውን ይለበልባል። የተሸበሸበ የቧንቧ ጎማና መስታወቱ የጠቆረ መለኪያ ስንቱ አምጥቶ አሳይቶኛል። ሁሉም ድስቱን ነው የሚወቅሱት።

ሲሊንደሩንም አስቢ። ለባርቤኪው የሚሸጠው ባለ 20 ፓውንዱ ሲሊንደር 9 ኪሎ ገደማ ፕሮፔን ይይዛል፤ በጠቅላላው ወደ 430,000 ቢቲዩ። 200,000ውን ለቀሽ ካነደድሽ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ያውም ሲሊንደሩ ያን ያህል ጋዝ ከሰጠ ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ራሱ ይቀዘቅዛል። በሲሊንደሩ ጎን ላይ ነጭ ውርጭ ከታች እየወጣ ሲሄድ ታያለሽ። ያኔ ግፊቱ ይወድቃል፣ ነበልባሉም ድንክ ይሆናል። በኮሎራዶ ብርድ ይህ የሚሆነው ቶሎ ነው። ሰዉ ሲሊንደሩን ለማሞቅ ትኩስ ውሃ ወይም እሳት ያስጠጋል። እሳት ማስጠጋት በፍጹም አይሞከርም። እሳቱን ቀንሺ፣ ወይም በተሞላ ሲሊንደር ቀይሪው።

60,000 ቢቲዩ ላይ እንምጣ። ከዚያ 35 ከመቶው ቢገባ በሰዓት 21,000 ነው። 27 ሊትሩ በ25 ደቂቃ ይፈላል። የኦሮራ ከፍታ እሳቱን ትንሽ ያዳክመዋልና 30 ደቂቃ በዪው። ከፈላ በኋላ ከግማሽ በታች ዝቅ ታደርጊዋለሽ። በእኔ ስሌት አንድ ሲሊንደር ለአምስት ወይም ስድስት ጠመቃ ይበቃል። ከዚህ በላይ የምትከፍዪው ገንዘብ የሚገዛልሽ አሥር ደቂቃና ብዙ ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሪበት ሙቀቱ አይጨምርም። የሚጨምረው ትነቱ ነው። ኦሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ዝቅ ብሎ 92 አካባቢ ነው። 200,000 ቢቲዩ ብትለቂበትም ያው 95 ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገርሽ። በጠላ ያደገ ሰው ቢራ ለምን አንድ ሰዓት ሙሉ እንደሚፈላ ላይገባው ይችላል። ጌሾውን ዘፍዝፈሽ ጥንስስ ትጥያለሽ፣ እንኩሮውን ምጣድ ላይ ታምሽዋለሽ፣ ድፍድፉን በውሃ ትበጠብጪዋለሽ። ሁሉንም አንድ ላይ ጥዶ ማንተክተክ የለም። የጌሾው ምሬት በዝፍዘፋው ይወጣል። ሆፕ እንዲህ አይደለም። ውስጡ ያለው መራራ አሲድ በውሃ በደንብ የሚሟማው በሙቀት ቅርጹ ሲለወጥ ነው። ያ ለውጥ ደግሞ በ95 ዲግሪ ሲሆን በ100 ዲግሪ ከሚሆነው በሢሶ ገደማ ይዘገያል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተጻፈን አዘገጃጀት እንዳለ ከወሰድሽ ቢራሽ ከታሰበው በላይ ይጣፍጣል። መፍትሔው ማፍያውን 15 ወይም 20 ደቂቃ ማርዘም ነው፤ ካልሆነ መጀመሪያ ላይ የሚገባውን ሆፕ ጨመር ማድረግ። እሳት መጨመር ጠብ የሚያደርገው ነገር የለም።

ሌላው ዲኤምኤስ የሚባለው ነው። የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል። ከብቅሉ ነው የሚመጣው፤ በተለይ ፈዘዝ ካለው የፒልስነር ብቅል። ሲፈላ ይፈጠራል፣ በእንፋሎቱም ይወጣል። ስለዚህ እስኪፈላ ክዳኑን ግጠሚ፣ ከፈላ በኋላ ግን አንሺው። እሳት ለመቆጠብ ብለሽ ክዳኑን ብትመልሺ ያ ሽታ ከክዳኑ ላይ ተንጠባጥቦ ተመልሶ ይገባል። በፒልስነር ብቅል ከሆነ 90 ደቂቃ አፍዪው። ሲፈላ መሃሉ ከታች ወደ ላይ እየተንከባለለ መውጣት አለበት፤ ይኼው ይበቃል። እየዘለለ ወለሉን የሚያርስ ፍላት ትርፉ ብክነት ነው።

ስለ በርነሩ ዓይነት ላምራ። ባለ አንድ አፍንጫው፣ ጄት የሚባለው፣ ጋዙን በአንድ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት ይተፋል። እንደ አውሮፕላን ያጓራል፣ አንድ ነጥብ ላይ ያተኩራል። ድስትሽ ስስ ከሆነ መሃሉ ላይ ብቅሉ ያርራል። በእጅ ዝቅ ለማድረግም ያስቸግራል፤ ወይ ይጮኻል ወይ ይጠፋል። ባንጆ የሚሉት ደግሞ ሰፊ ክብ የብረት በርነር ነው። ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ነበልባሉ በድስቱ ቂጥ ሙሉ ይሰራጫል፣ ድምፁም ለስለስ ይላል። ለቢራ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ግን ትልልቆቹ ባንጆዎች ከ100,000 በላይ ናቸውና ለ20 ሊትር አያስፈልጉሽም። ከ55,000 እስከ 75,000 ያለውን ፈልጊ።

ከቢቲዩው ይልቅ እግሩን ተመልከቺ። 27 ሊትር ከነድስቱ ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ ያውም የፈላ ስኳር ነው፣ ገላ ላይ ይጣበቃል። ለቱርክ ዶሮ መጥበሻ የሚሸጡት ረዣዥም ባለ ሦስት እግሮች ርካሽ ናቸው፤ ለዚህ ክብደት ግን አላምናቸውም። ሱቅ ውስጥ እያለሽ ሁለት እጅሽን አስደግፈሽ ወደ ጎን ግፊው። ከተወዛወዘ ተዪው። አጭር፣ ሰፊ፣ አራት እግር ያለው፣ ድስቱን እንደ ጉልቻ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ይሁን። ነፋስ መከለያ ቀለበት ካለው እሰየው። ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ የእንጨት ዴክ ላይ አይሆንም። ከቤቱ ግድግዳም ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። አፓርትመንት የምትኖሪ ከሆነ የበረንዳ እሳት በብዙ ከተማ ደንብ የተከለከለ ነውና ይህ ሁሉ አይመለከትሽም።

የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ላይ ብዙ ስህተት አያለሁ። የባርቤኪው ሬጉሌተር የሚያወጣው ግፊት ግማሽ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም። ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ በርነር ላይ ካሰርሽው እሳቱ የሻማ ያህል ይሆናል። የተገላቢጦሹ ደግሞ አደገኛ ነው። ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራውን በ20 ፒኤስአይ ብትሰጪው ነበልባሉ ከበርነሩ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ብልጭ ብሎም ይጠፋል፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አያቆምም። በርነሩ ከነሬጉሌተሩና ከነቱቦው አንድ ላይ ሲሸጥ ግዢው። በቤቱ የተፈጥሮ ጋዝ መስመር ላይ ልቀጥለው ካልሽ የጋዙ ቀዳዳ መለወጥ አለበት፤ ሁለቱ ጋዞች በአንድ ቀዳዳ አይሠሩም። እሱን ፈቃድ ላለው ሰው ስጪው።

«አዲስ ሲሊንደር ነው፣ እሳቱ ግን ሞቷል» የሚለው ስልክ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ሲሊንደሩ ማያያዣ ላይ ጋዝ በድንገት ሲሮጥ የሚያንቅ መከላከያ አለ። የበርነሩን ቧንቧ ከፍተሽ ትተሽ ሲሊንደሩን በአንዴ ብትፈቺው ቱቦው የተበጠሰ ይመስለውና ያንቃል። ሁሉንም ዝጊ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን በቀስታ ክፈቺ፣ በርነሩን መጨረሻ ላይ። ይኸው ነው። ከማቀጣጠልሽ በፊት ግን መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀቢ። አረፋ ከተነፋ ጋዝ እየሾለከ ነው፤ ክብሪቱን አስቀምጪ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል፤ ጉድጓድና ቤዝመንት ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ባዶ እንኳ ቢመስል ወደ ቤት አይግባ፤ ደጅ ቀጥ ብሎ ይቁም።

እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ትንሽ ብርቱካናማ ቢታይ ግድ የለም። ሙሉ ቢጫ ሆኖ እንደ ጨርቅ የሚውለበለብ ከሆነ አየር አንሶታል፤ በማግሥቱ ድስትሽን ስትገለብጪ ቂጡ በጥላሸት ተለስኖ ታገኚዋለሽ። የአየር ማስገቢያውን ከፈት አድርጊ። ካልተሻለው በርነሩን አውርደሽ የሚያስገባውን ቱቦ በባትሪ እዪ። ከረምረም ካለ ሸረሪት ድሩን ሠርቶበታል። የሚገርመው ሸረሪት ይህን ቱቦ አጥብቆ ይወዳል። በጠርሙስ መጥረጊያ አውጪው።

ከሁሉም በላይ ንቁ መሆን ያለብሽ ከመፍላቱ በፊት ባሉት አምስት ደቂቃዎች ነው። መጀመሪያ ላዩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ይይዛል። ዝም ይላል። ከዚያ አረፋው በአንዴ እንደ ወተት ይነሳል፣ ስልክሽን አንስተሽ እስክትመልሺ ገንፍሎ በርነሩን ያጠፋዋል፤ ጋዙ ግን ይለቀቃል። ስለዚህ 90 ዲግሪ ላይ ሲደርስ አንድ እጅሽ የጋዙ መዝጊያ ላይ ይሁን፣ በሌላው ማማሰያ ያዢ። ሲነሳ ዝቅ፣ ሲተኛ ከፍ። አረፋው ሁለት ሦስቴ ተነስቶ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ሰላም ነው። የብቅል ማር፣ ማለትም ኤክስትራክት፣ የምትጠቀሚ ከሆነ ስትጨምሪ እሳቱን ሙሉ በሙሉ አጥፊ። አለበለዚያ ሰምጦ ቂጡ ላይ ያርራል፣ የአረረ ጣዕም ደግሞ ከቢራ ውስጥ አይወጣም።

በብርዱ ወራት ኤሌክትሪክ ይሻላል ያልኩት ከልቤ ነው። የተቃጠለ ጋዝ የለውም፣ ሙቀቱም ከሞላ ጎደል ሁሉ ውሃው ውስጥ ይገባል። ችግሩ አሜሪካ ውስጥ ተራው ሶኬት 120 ቮልት መሆኑ ነው። በዚያ የሚሠሩት የቢራ ማሽኖች 1,600 ዋት አካባቢ ናቸው፤ 27 ሊትሩን ለማፍላት አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋቸዋል፣ ፍላቱም ለስላሳ ነው። ጎኑን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ብትጠቀልዪው ግን ያደርሰዋል። አገር ቤት ወይም አውሮፓ ያለ አንባቢ 220 ወይም 230 ቮልት ስላለው በዚህ ይቀድመናል። ለልብስ ማድረቂያ የሚሆን ባለ 240 ቮልት መስመር ካለሽ 5,500 ዋት ማፍያ ጋዙን ያህል ይፈጥናል፤ ግን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋው ጂኤፍሲአይ መከላከያም ይኑረው። እርጥብ እጅ፣ ውሃና 240 ቮልት ያለ እሱ አንድ ላይ አይሆኑም። መስኮት መክፈትም አትርሺ፤ ያ ሁሉ እንፋሎት ጣራሽ ላይ ይቀመጣል።

ገንዘብ ለማውጣት ካልቸኮልሽ ደግሞ ያለሽ ምድጃ ይበቃል። 12 ሊትር ብቻ አፍዪ፣ በኤክስትራክት። በመጨረሻ ቀደም ብለሽ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽውን ውሃ ጨምረሽ 20 ሙዪው። ምሬቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ጠቆር ይላል። ብዙ ጥሩ ቢራ ግን በዚህ መንገድ ተጠምቋል።

ስለዚህ ለባለቤትሽ ንገሪው፦ የቅናሹን በርነር ይተወው። 60,000 ቢቲዩ አካባቢ የሆነ፣ ሰፊና አጭር እግር ያለው፣ ከራሱ ሬጉሌተር ጋር የሚሸጥ ይግዛ። ከተረፈው ገንዘብ ላይ 38 ሊትር የሚይዝ ወፍራም ቂጥ ያለው ድስትና አንድ እሳት ማጥፊያ ጨምሩበት።

የሠርጉን 40 ሊትር በአንዴ አትጣዱት። ከ50 ሊትር በላይ የሚፈላ ነገር ለማንሳትም ለማቀዝቀዝም ጣጣ ነው፣ አንዱ ቢበላሽም ሁሉም ይበላሻል። በሁለት ቅዳሜ ሃያ ሃያ ሊትር ጥመቂ። መጠኑ ሕጉን አይነካም። እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጀምሮ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር፣ ለራሱ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ለመብላላቱ ሁለት ሳምንት፣ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እስኪይዝ ሌላ ሁለት ሳምንት ያዢ። ሠርጉ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ግንቦት አጋማሽ ላይ ጣጂ፣ ሁለተኛውን በሳምንቱ። ያኔ አንዱ ቢከሽፍ እንኳ እንደገና ለመጥመቅ ቀን ይኖርሻል።